ማዳበሪያ ሲበዛ ስኳር ለምን ያንሳል? የሬድ ሪቨር ሸለቆ ጉዳይ

ሚኒሶታ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወደ ሰሜን ምዕራብ እየነዳን ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። መሬቱ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። በግራ በኩል ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ፣ ዓይን የሚሞላ ማሳ አለ። በቀኝ በኩል ደግሞ ያው ተክል፣ ግን ቅጠሉ ገርጥቶ ወደ ቢጫ የሄደ። አገር ቤት የተማርኩት ግብርና ስለሆነ አፌን መቆጣጠር አቃተኝ። «የቀኙ ባለቤት ዩሪያ ቆጥቧል፤ ዘንድሮ አለቀለት» አልኩ።

ጓደኛዬ ሦስት መኸር እዚያው የሠራ ሰው ነው። ሳቀብኝ። ለካ ሊታዘንለት የሚገባው የግራው ነው።

ይህን ጽሑፍ ያመጣው ያ ሳቅ ነው። ሁለቱም ማሳዎች ላይ የነበረው ሹገር ቢት ነው። የዚያ ሸለቆ ገበሬዎች ስለ ማዳበሪያ የነበራቸውን ሐሳብ በአንድ ትውልድ ውስጥ እንዴት እንደቀየሩ መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ቢት ለማናመርተው ለእኛም ቢሆን።

ስለ ተክሉ ባጭሩ

ሹገር ቢት የቀይ ሥር የቅርብ ዘመድ ነው፤ የስኳር ቀይ ሥር ልንለው እንችላለን። ችግሩ ቀይ አለመሆኑ ነው። ሥሩ ነጭ ነው፤ ቅርጹ ካሮት ይመስላል፣ ግን አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ወፍራም ካሮት። ውስጡ ስኳር እንዳለ በርሊን ውስጥ በላቦራቶሪ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1747 ነው። የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1801 ሲሌዥያ (ዛሬ ፖላንድ) ውስጥ ተሠራ። ዛሬ ከዓለም ስኳር አንድ አምስተኛ ገደማው ከዚህ ሥር ይወጣል፤ ቀሪው ከሸንኮራ አገዳ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ነገር ልብ ይባል። ተክሉ በተፈጥሮው የሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስኳሩን ሥሩ ውስጥ ስንቅ አድርጎ ያስቀምጣል። በሁለተኛው ዓመት ያንን ስንቅ በልቶ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል። ገበሬው የሚነቅለው ስንቁ ሞልቶ ገና ሳይነካ ነው። የሁሉም ነገር ቁልፍ እዚህ ላይ ነው፤ ተክሉ ስንቁን አብዝቶ የሚይዘው ማደጉን ጋብ ሲያደርግ ነው።

ቦታው

ሬድ ሪቨር ወደ ሰሜን የሚፈስ ወንዝ ነው። ሚኒሶታንና ኖርዝ ዳኮታን ለሁለት እየከፈለ ሄዶ ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ ሐይቅ ይገባል። ሸለቆ ይባል እንጂ ግራና ቀኙ ተራራ የለውም። በበረዶ ዘመን መጨረሻ አጋሲዝ የሚባል ግዙፍ ሐይቅ የተኛበት ወለል ነው። ሐይቁ ሲደርቅ የተወው ደለል ነው የዛሬው እርሻ።

አፈሩን ሳየው አገሬን አስታወሰኝ። ጥቁር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ጫማ አይለቅም። እኛ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ዓይነት ነው። ልዩነቱ የበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት በብዛት የያዘ መሆኑ ነው። ይህ ቅሪት በኋላ ጣጣ ያመጣል፤ እመለስበታለሁ።

የሸለቆው የመጀመሪያ ስኳር ፋብሪካ ኢስት ግራንድ ፎርክስ ላይ በ1926 ተከፈተ። ከዚያ ሙርሄድ፣ ክሩክስተን፣ ድሬይተንና ሂልስቦሮ ተከተሉ። በ1973 አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። ቢት የሚያመርቱት ገበሬዎች ተሰባስበው ቢት የሚገዛቸውን ኩባንያ፣ አሜሪካን ክሪስታል ሹገርን፣ ራሱን ገዙት። ከዚያ በኋላ ገበሬው ሻጭም ነው፣ ገዢም ነው።

ዘሩ የሚዘራው በኤፕሪልና በሜይ ነው። ትልቁ መኸር ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከባድ መኪናው ሌት ተቀን አያቋርጥም። ፋብሪካው ሁሉንም በአንዴ መፍጨት ስለማይችል ሥሩ ሜዳ ላይ እንደ ኮረብታ ይከመራል። ክረምቱ ያቀዘቅዘዋል፣ በረዶ ያደርገዋል። ፋብሪካው እስከ ፀደይ ድረስ ከዚያ ክምር እየቆረሰ ይሠራል። ብርዱ ማቀዝቀዣ ሆኖ በነፃ የሚያገለግልበት ቦታ ነው፤ ያውም የማይጠፋ ማቀዝቀዣ።

ችግሩ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናይትሮጅን ማዳበሪያ ረከሰ። የገበሬው ገቢ ደግሞ በአመዛኙ ያዘነበለው ወደ ክብደት ነበር። ብዙ ቶን ያስገባ ብዙ ይከፈለዋል። ናይትሮጅን ሲጨመር ቅጠሉ ይለመልማል፣ ሥሩም እስከተወሰነ ደረጃ ይወፍራል። ገበሬው ቢጨምር ምን ያጣል? ምንም። እንዲያውም «ለማንኛውም» ብሎ ትንሽ ጣል ማድረግ እንደ ኢንሹራንስ ነበር።

ጉዳቱ የሚታየው ፋብሪካው በር ላይ ነው። ሥሩ ከባድ ነው፣ ግን በውሃ የከበደ ነው። ስኳሩ በመቶኛ ሲሰላ ያንሳል። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሌላው ችግር ያለውንም ስኳር ማውጣት አለመቻሉ ነው።

ስኳር የሚወጣው ጭማቂው ተፈልቶ ሲወፍር ስኳሩ ክሪስታል ሠርቶ ሲለይ ነው። በጭማቂው ውስጥ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና አሚኖ ናይትሮጅን በብዛት ካሉ ስኳሩን ጠፍረው ይይዙታል። ክሪስታል አይሆንም፤ ሞላሰስ የሚባል ወፍራም ጥቁር ተረፈ ምርት ሆኖ ይወጣል። የፋብሪካ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ አንድ ኪሎ እንዲህ ያለ ባዕድ ነገር አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ስኳር ይዞ ወደ ሞላሰስ ይሄዳል። ከሦስቱ ደግሞ በስሌታቸው ትልቁን ክብደት የሚሰጡት ለአሚኖ ናይትሮጅን ነው። እሱ ከየት መጣ? ተክሉ ጠጥቶ ሊጠቀምበት ካልቻለው የተረፈ ማዳበሪያ።

ሞላሰስ ለከብት መኖ ይሆናል፣ አልኮል ይወጣዋል። ግን በስኳር ዋጋ አይሸጥም።

ቅጠሉና ሥሩ ሲሻሙ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ራሴ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ስለሆነ።

ቢት ሲበቅል መጀመሪያ ማድረግ ያለበት መሬቱን በቅጠል መሸፈን ነው። ያልተሸፈነ መሬት ላይ ያረፈ ፀሐይ የባከነ ፀሐይ ነው። ስኳሩ የሚሠራው ቅጠል ላይ ነውና በጁንና በጁላይ ናይትሮጅን የግድ ያስፈልጋል። ያኔ የጎደለበት ማሳ መስመሩ ቶሎ አይገጥምም። አረም በመሃል ይገባል። ኪሳራው ከዚያ በኋላ አይመለስም።

ቅጠሉ ከገጠመ በኋላ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። አሁን የሚፈለገው አዲስ ቅጠል ሳይሆን የተሠራው ስኳር ወደ ሥር መውረዱ ነው። አፈሩ ውስጥ ናይትሮጅን ካለ ተክሉ ገና ክረምት እየመጣ መሆኑን አላወቀም እንደማለት ነው። አዲስ ቅጠል ያወጣል። ያንን ቅጠል የሚያበቅለው ደግሞ ሥሩ ውስጥ ሊቀመጥ በነበረው ስኳር ነው። በኦገስት አጋማሽ ናይትሮጅኑ ካለቀበት ግን ተክሉ ማደጉን ይገታል። ፀሐዩ አለ፣ ቅጠሉ አለ፣ ሌሊቱ ቀዝቅዟል። የተሠራው ስኳር መሄጃው ሥር ብቻ ነው።

ስለዚህ በመኸር ዋዜማ የገረጣ ቅጠል የበሽታ ምልክት አይደለም። ከመኸሩ ስድስት ሳምንት ገደማ በፊት ማዳበሪያውን ጨርሶ የበላ ተክል ምልክት ነው። ያ የቀኙ ማሳ እንደዚያ ነበር።

የሚገርመኝ ይህ ሁሉ አዲስ እውቀት አለመሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የቅጠል ዘንግ እየቆረጡ ናይትሬቱን (ተክሉ ከአፈር የሚጠጣውን የናይትሮጅን ዓይነት) በመለካት፣ ከመኸር በፊት ናይትሮጅን ሲያጥር ስኳር እንደሚጨምር በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ አሳይተው ነበር። የደረቀው ዘንግ ውስጥ ናይትሬት ናይትሮጅኑ ከሚሊዮን 1,000 እጅ በታች ሲወርድ ተክሉ ማዳበሪያ አጠረው ይባላል፤ ይህ ቁጥር እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የሸለቆው የግብርና ባለሙያዎችም ያውቁት ነበር። ገበሬው ሰምቶታል። ግን ሰምቶ ምን ያድርገው? ኪሱ የሚሞላው በቶን ነው።

ምን ተደረገ

የመጀመሪያውና ትልቁ እርምጃ የተወሰደው የክፍያ መዝገብ ላይ ነው። በ1980 አሜሪካን ክሪስታል በጥራት መክፈል ጀመረ። ገበሬው የሚከፈለው ከሥሩ ሊወጣ በሚችለው ስኳር ልክ ሆነ። ማለትም የስኳሩ መቶኛ ይለካል፣ በሞላሰስ የሚጠፋው ይቀነሳል፣ ቀሪው በቶን ይባዛል።

ሒሳቡን በምሳሌ ልሥራው። ቁጥሮቹ ነገሩን ለማሳየት የመረጥኳቸው ናቸው። አንዱ ማሳ በሄክታር 60 ቶን ሰጠ እንበል። ስኳሩ 16 በመቶ፣ በሞላሰስ የሚጠፋው 1.8። ቀሪው 14.2 በመቶ ነው፤ 8.52 ቶን ስኳር። ሌላው ማሳ 56 ቶን ብቻ ሰጠ። ስኳሩ 17.5 በመቶ፣ የሚጠፋው 1.2። ቀሪው 16.3 በመቶ ነው፤ ወደ 9.13 ቶን ስኳር። አራት ቶን ሥር ያነሰው ማሳ ስድስት ኩንታል ስኳር በለጠ። አራት ቶን አልተነቀለም፣ አልተጫነም፣ አልተከመረም። ነዳጅም ተረፈ ማለት ነው።

ይህ እንዲሠራ ግን መለኪያው መታመን አለበት። እኔ አንድ መኸር በሌሊት ፈረቃ መረከቢያው ላይ ስሠራ ያየሁት ይህንኑ ነው። መኪናው ገብቶ ይመዘናል። ሥሩን ወደ ክምሩ ላይ ያራግፋል። በመሃል ከጭነቱ ጥቂት ሥሮች ወደ ከረጢት ይገባሉ። ከረጢቱ ላይ የገበሬው መለያ ይታሰራል። እጅህ በጓንት ውስጥ ደንዝዞም ቢሆን ያንን መለያ ሳታስር መኪናው አይሄድም። ከረጢቱ ላቦራቶሪ ሲደርስ ሥሮቹ ይታጠባሉ፤ የወጣው አፈር ከክብደቱ ይቀነሳል። ጭቃ ጭኖ መጥቶ በስኳር ዋጋ መሸጥ አይቻልም። ከዚያ በመጋዝ ይቆረጣሉ፤ ከመጋዙ ሥር የሚወጣው ነጭ ገንፎ የመሰለ ነገር ነው። ጭማቂው ተጣርቶ ብርሃን ያልፍበታል። ስኳር ብርሃኑን ያጣምመዋል፤ በጠመመው ልክ ስኳሩ ይነበባል። ሶዲየሙ፣ ፖታሲየሙና አሚኖ ናይትሮጅኑም ለየብቻ ይለካሉ።

ውጤቱ የዚያ ገበሬ ብቻ ነው። ከጎረቤቱ ጋር ተደባልቆ አማካይ አይወጣለትም። ማዳበሪያ ያበዛ በራሱ ደረሰኝ ላይ ያየዋል።

ሁለተኛው እርምጃ አፈሩን በጥልቀት መመርመር ነው። የተለመደው ናሙና ከላይኛው አፈር ይወሰዳል። የቢት ሥር ግን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይወርዳል። ናይትሬት ደግሞ ከውሃ ጋር ወደ ታች የሚሄድ ነገር ነው። ላይ ላይ የለም ብለህ የጨመርከው ሳያንስ፣ ታች ተቀምጦ የቆየው በኦገስት ሥሩ ሲደርስበት ይነሳል። በማይሆን ሰዓት። ስለዚህ ፒክአፕ ላይ በተገጠመ መሰርሰሪያ እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ድረስ አፈር ይወጣል። ሥራው የሚሠራው ያለፈው ሰብል ከተነሳ በኋላ፣ መሬቱ በበረዶ ሳይደርቅ ነው።

የሚኒሶታና የኖርዝ ዳኮታ ዩኒቨርሲቲዎች የሰጡት ምክር በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል። እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ያለውና የሚጨመረው ተደምሮ በኤከር 130 ፓውንድ ናይትሮጅን ይሁን። በእኛ መለኪያ በሄክታር 146 ኪሎ ገደማ ነው። ናሙናው እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ጣሪያው ወደ 100 ፓውንድ ይወርዳል። ምክንያቱም ታች ያልታየ ነገር መኖሩ አይቀርም።

ልብ በሉ፣ 146 ኪሎው ድምር ነው። ምርመራው አፈሩ ውስጥ 90 ኪሎ አለ ካለ የሚጨመረው 56 ኪሎ ነው። ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ናይትሮጅን ስላልሆነ፣ በዩሪያ ሲሰላ በሄክታር 120 ኪሎ ገደማ። ሳይመረምር ሙሉውን የጨመረ ገበሬ ከሦስት ኩንታል በላይ ዩሪያ ይበትናል። ልዩነቱ ገንዘብም ነው፣ ስኳርም ነው።

ፎስፈረስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ስኳሩን አያበላሽም። ፀደይ ላይ አፈሩ ገና ቀዝቃዛ ሲሆን ግን ቡቃያው በቀላሉ አያገኘውም። መፍትሔው ሲዘራ በኤከር ሦስት ጋሎን ያህል ፈሳሽ ፎስፌት ከዘሩ ጋር መስመሩ ውስጥ ማንጠብጠብ ሆነ። በሄክታር 28 ሊትር ገደማ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ቦታው ላይ ነው። ፖታሲየምን በተመለከተ የሸለቆው ሸክላ አፈር በራሱ ሀብታም ስለሆነ ብዙም አያስጨንቃቸውም። እንግሊዝ ውስጥ ቢት የሚዘሩ ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ጨው ይበትናሉ ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። እውነት ነው። የቢት ዘር የመጣው ከባሕር ዳርቻ ነው፤ ሶዲየም ይወዳል።

የሠራው

ዛሬ በዚያ ሸለቆ 17 እና 18 በመቶ ስኳር የተለመደ ነገር ነው። ሁሉም የማዳበሪያ ሥራ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ዘሩ ተሻሽሏል፣ በሽታ መከላከያው ተሻሽሏል። ግን ጥሩ ዘር ላይ ማዳበሪያ የሚያበዛ ገበሬ ቢኖር ያንን ስኳር አያገኘውም።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሠራው የክፍያው ለውጥ ነው። ባለሙያ ለዓመታት ቢመክር ያላመጣውን ለውጥ አንድ የክፍያ ቀመር አመጣው። ገበሬው ፋብሪካው የራሱ መሆኑም ረድቷል። በፊት በሞላሰስ የሚሄደው ስኳር የሌላ ሰው ኪሳራ ነበር። አሁን የራሱ ነው። በጥራት እንክፈል የሚለው ውሳኔም ከላይ የወረደ ሳይሆን የራሱ ማኅበር የወሰነው ነው።

ያልሠራው

ጥልቁ ምርመራ ውድ ነው፣ አድካሚም ነው። እርጥብ ሸክላ መሰርሰሪያውን ይይዛል። ስለዚህ ግማሽ መንገድ ወርዶ የሚመለስ ናሙና ሞልቷል። በአንድ ማሳ ውስጥም አፈሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ከትልቅ ማሳ ላይ ጥቂት ቦታ ቆፍሮ አማካይ ማውጣት ጎድጓዳው ቦታ ላይ አብዝቶ፣ ከፍታው ላይ አሳንሶ መበተን ነው። ለዚህ ሲሉ ኋላ ላይ ማሳውን በክፍል በክፍል ለይተው መመርመር ጀመሩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት የዕፅዋት ቅሪት ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ቅሪት ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይበሰብሳል፤ ናይትሮጅን ይለቃል። መቼና ምን ያህል እንደሚለቅ የበልጉ ምርመራ አይናገርም፤ የመኸሩም አይናገርም። ሞቅ ያለና ዝናባማ ኦገስት ከመጣ ገበሬው አንድ ኪሎ ሳይበትን ማሳው እንደገና ይለመልማል። ምክሩን አክብሮ፣ መርምሮ፣ ቆጥቦ፣ በመጨረሻ ስኳሩ ዝቅ ያለበት ገበሬ ሲናደድ አይቻለሁ። ምን ብለህ ታጽናናዋለህ?

ተቃራኒውም ስህተት አለ። «ናይትሮጅን መጥፎ ነው» ተብሎ ሲወራ ከሚገባው በላይ የሚቀንስ አይጠፋም። ስኳሩ በመቶኛ ያምራል፣ ግን ማሳው ላይ ሥር የለም። ቀመሩ መቶኛውን ብቻ ሳይሆን መቶኛውን በቶን አባዝቶ የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ደግሞ ማዳበሪያ ብቻውን ምንም አያደርግም። በ2019 መኸሩ በዝናብና በብርድ ተመታ። ሲሶ ያህሉ ቢት ሳይነቀል መሬት ውስጥ ቀረ። ያን ዓመት በኪሎ የተመዘነ ናይትሮጅንም ሆነ በጭፍን የተበተነ እኩል ጭቃ ውስጥ ነበር።

ወደ ሌላ ሰብል ሲወሰድ

እኛ አገር ስኳር የሚወጣው ከሸንኮራ አገዳ ነው። አገዳ ከመቆረጡ በፊት ውሃ የሚቋረጥበት ምክንያት ከዚህ ታሪክ ጋር ወንድማማች ነው፤ ተክሉ ማደጉን ትቶ ስኳር እንዲያጠራቅም። ይህን ለሚያውቅ ባለሙያ የናይትሮጅኑ ነገር አዲስ አይሆንበትም።

የበለጠ የሚመስለው ግን የቢራ ገብስ ነው። አርሲና ባሌ ላይ ለብቅል የሚያመርት ገበሬ ያለበት ችግር የቢት ገበሬው ችግር ቁርጥ ነው። ናይትሮጅን ሲጨምር ኩንታሉ ይጨምራል፤ ግን የገብሱ ፕሮቲንም ይጨምራል። ብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 12 በመቶ ባለው መሃል የሆነ ገብስ ነው። ከዚያ ካለፈ ይመለስበታል፤ ወይ በምግብ ገብስ ዋጋ ይሸጠዋል። ገበሬው ይህን የሚሰማው ብዙ ጊዜ መጋዘኑ በር ላይ ነው። ዩሪያው ከተበተነ ወራት በኋላ።

ለዓመታት «መቶ ኪሎ ዳፕ፣ መቶ ኪሎ ዩሪያ» እየተባለ ለሁሉም አንድ ምክር ሲሰጥ ኖሯል። ከ2012 ወዲህ የአፈር ካርታ ሥራ መጀመሩ ጥሩ ነው። ግን ከሸለቆው የምማረው፣ የአፈር መረጃ ብቻውን የገበሬን እጅ እንደማይዝ ነው። የእያንዳንዱ ገበሬ ጭነት ለብቻው ተለክቶ፣ ውጤቱ ለራሱ ተነግሮ፣ ዋጋው በዚያ ልክ ሲሆን ነው ገበሬው ራሱ «አፈሬን መርምሩልኝ» ብሎ የሚመጣው። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ለመሞከር ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው። ውሉ ላይ የፕሮቲን ደረጃና ጭማሪ ዋጋ ከዘር በፊት ይጻፍ። ናሙናው ገበሬው ፊት ይወሰድ፤ ግማሹ እሱ ጋ ይቅር። የላቦራቶሪ ዕቃ ውድ ነው የሚል መልስ ይመጣል። ተመልሶ ለሚሄድ ገብስ የሚወጣው የመኪና ኪራይም ርካሽ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። 146 ኪሎ የሚለውን ቁጥር ማንም ወደ ማሳው አይውሰደው። ያ ቁጥር የዚያ አፈር፣ የዚያ አየር፣ የዚያ ተክል ነው። መወሰድ ያለበት አሠራሩ ነው፤ መጀመሪያ ያለውን ቁጠር፣ ከዚያ የጎደለውን ጨምር።

የግራው ማሳ

የዚያን አረንጓዴ ማሳ ባለቤት አዝነንለት አንተወው። ቢት ከመነቀሉ በፊት ቅጠሉ በማሽን ተመትቶ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። በናይትሮጅን የጠገበ አረንጓዴ ቅጠል ሲበሰብስ የያዘውን ለአፈሩ ይመልሳል። የኖርዝ ዳኮታ ባለሙያዎች ለሚቀጥለው ዓመት ሰብል ማዳበሪያ ሲያሰሉ ለጥቁር አረንጓዴ ቅጠል በኤከር 80 ፓውንድ ናይትሮጅን ይቀንሳሉ። ፈዘዝ ላለው 30 ይቀንሳሉ። ለቢጫው ምንም። ከመኸሩ በፊት የተነሳ የሳተላይት ፎቶ ላይ የትኛው ማሳ፣ የማሳውም የትኛው ጥግ አረንጓዴ እንደነበር ይታያል።

ጓደኛዬ ይህን የነገረኝ በሚቀጥለው ፀደይ፣ በዚያው መንገድ ስንመለስ ነው። ግራው ላይ ስንዴ ተዘርቶ ነበር። «ፎቶውን ያየ ከሆነ» አለ፣ «ዘንድሮ የሚገዛው ዩሪያ የቀኙ ሰውዬ የሚገዛውን ግማሽ እንኳ አይሆንም።» እኔ በዚህኛው ላይ አስተያየት አልሰጠሁም።